«ጠጋ በሉ» በካምፓላ እንግሊዝኛ

ኦልድ ካምፓላ ትንሽ ኮረብታ ናት። አናቷ ላይ ኢዲ አሚን በ1972 ያስጀመረው፣ ለብዙ ዓመታት ጅምር ሆኖ ቆይቶ በሊቢያ ገንዘብ የተጠናቀቀው ብሔራዊ መስጊድ ቆሟል። ከሥሯ በአንድ በኩል የሶማሌዎቹ ሰፈር ኪሴኒ፣ በሌላ በኩል ኦልድ ታክሲ ፓርክ አለ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በታኅሣሥ 1890 ካፒቴን ፍሬድሪክ ሉጋርድ የኢምፔሪያል ብሪቲሽ ኢስት አፍሪካ ኩባንያን ሰዎች ይዞ መጥቶ የሰፈረውና ምሽግ የሠራው እዚህ ነው። ኮረብታው ድኩላ መሰሉ ኢምፓላ የሚሰማራበት ስለነበር «የኢምፓላ ኮረብታ» ይባል ነበር፤ የከተማው ስም የወጣው ከዚያ ነው ይባላል። ከተማው ወደ ናካሴሮ ሲሰፋ የመጀመሪያው ሰፈር «አሮጌው ካምፓላ» ተብሎ ቀረ።

ሚስዮናውያን ከሉጋርድ በፊት ገብተዋል። ሕግ የሚያወጣው፣ ግብር የሚሰበስበውና ማኅተም የሚመታው እንግሊዝኛ ግን ከዚህ ኮረብታ ተነሣ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ከ40 በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ይኼው እስከ ዛሬ የመንግሥት ቋንቋ ነው። ልጆች ይማሩበታል፣ ዳኛ ይፈርድበታል፣ ከተለያየ ጎሣ የመጡ ባልና ሚስትም ይነጋገሩበታል። አንድ ቋንቋ ይህን ሁሉ ዘመን በሌላ ሕዝብ አፍ ውስጥ ከኖረ የአፉን ቅርጽ መያዙ አይቀርም።

ኢትዮጵያዊን ወደዚህ ኮረብታ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ታሪክ አይደለም። ለዓመታት ካምፓላ ከተማ ውስጥ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚመዘገበው ኦልድ ካምፓላ ፖሊስ ጣቢያ ባለው የስደተኞች ዴስክ ነበር። ኡጋንዳ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን ያስጠለለች አገር ስለሆነች ሰልፉ ላይ ኮንጎው፣ ሶማሌው፣ ኤርትራዊው፣ ደቡብ ሱዳኑና ሐበሻው ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር። መግባቢያቸው ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ሐበሻው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሮት፣ በአሜሪካ ፊልም አጥርቶት መጥቷል። «እንግሊዝኛ እችላለሁ» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ታዲያ የሚቸግረው ምኑ ነው?

የማያውቀው ቃል ብዙ አይጎዳውም፤ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃልና። ችግሩ ከሚያውቀው ቃል ይመጣል። የሚያውቀውን ቃል ማንም አይጠይቅም፤ የገባው እየመሰለው ያልፋል። እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ጥሩ ዜና አለ፦ ካምፓላ ላይ እንግሊዝኛው ግራ ሲያጋባ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቃናው አማርኛው ነው።

ከታክሲው እንጀምር። ለኒውዮርክ ሰው «ታክሲ» ብቻውን ተሳፍሮ በር የሚያደርሰው ቢጫ መኪና ነው። ካምፓላ ውስጥ ታክሲ ማለት ወገቡ ላይ ሰማያዊ ዳማ የታተመበት፣ 14 ሰው የሚጭን ነጭ ሚኒባስ ነው። ለብቻ የሚከራዩት «ስፔሻል ሃየር» ይባላል። አሜሪካዊው ይህን እስኪለምድ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳሳታል፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን «ታክሲ» እና «ኮንትራት» ብሎ የኖረበት ስለሆነ ገና ከመውረዱ ቤቱ ነው። ያንኑ መኪና ናይሮቢ «ማታቱ»፣ ዳሬሰላም «ዳላዳላ»፣ ሌጎስ «ዳንፎ»፣ አክራ «ትሮትሮ» ይለዋል፤ ደቡብ አፍሪካ እንደ ካምፓላና እንደ እኛ «ታክሲ» ነው።

ወያላው «ኮንዳክተር» ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ስም ወይ የባቡር ሠራተኛ ወይ በቀጭን በትር ኦርኬስትራ የሚመራ ሰው ነው። ሦስት ሰው በተቀመጠበት ወንበር ላይ አራተኛ ሊጨምር ሲፈልግ «ኤክስቴንድ! ኤክስቴንድ!» ይላል። በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ይህ ቃል ማርዘም፣ ማራዘም ነው፤ ቪዛ ይራዘማል፣ እጅ ይዘረጋል። ተሳፋሪ ምኑን ያራዝማል? ኮንዳክተሩ «ጠጋ በሉ» እያለ ነው። ወራጅ «ስቴጅ!» ሲል ደግሞ መድረክ ፈልጎ አይደለም፤ «ወራጅ አለ» ማለቱ ነው። ፌርማታ «ስቴጅ» የሚባለው በፈረስ ጋሪ ዘመን ጉዞ በየምዕራፉ ተከፋፍሎ ሒሳብ ከሚታሰብበት ከድሮው የብሪታንያ አነጋገር ነው፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው ዛሬ እምብዛም አይሉትም። ቅኝ የተገዛ አገር የገዢውን አሮጌ ዕቃ አንዳንዴ ከባለቤቱ በተሻለ ጠብቆ ያቆያል። ከመውረዳችሁ በፊት የምትጠይቁት መልስ «ባላንስ» ነው። ለንደን ውስጥ «ባላንሴን ስጠኝ» ያለ ሰው ወደ ባንክ ይላካል።

ታክሲውን ትቶ በሞተር የሚሄድ «ቦዳ ቦዳ» ይጠራል። ይህ ቃል የተወለደው ኡጋንዳና ኬንያ በሚዋሰኑባት ቡሲያ ነው፦ ከአንዱ ኬላ እስከ ሌላው ያለው መንገድ ለእግረኛ ረዘም ስለሚል የብስክሌት ባለቤቶች ሰው እያፈናጠጡ ያሻግሩ ነበር፤ ጥሪያቸውም «ቦርደር ቦርደር»፣ ማለትም «ድንበር ድንበር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። ቃሉ በአካባቢው አፍ ተቀጥቅጦ «ቦዳ» ሆነ፤ ብስክሌቱ በሞተር ተተካ፤ ድንበር የሚባል ነገር በሌለበት መሐል ካምፓላም ስሙ ጸና። ናይጄሪያ ያንኑ ሞተር «ኦካዳ» ትለዋለች፤ ይህ ደግሞ ዛሬ የሌለ የአየር መንገድ ስም ነው። በመንገድ መጨናነቅ መሐል እየተሹለከለከ የሚያልፍን ሞተር በአውሮፕላን ስም የጠራው ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት።

ሐበሻው ይዞት የመጣው እንግሊዝኛም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። በ1946 አዲስ አበባ የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የእንግሊዝ አስተማሪዎች ቤት ነበር። በ1962 ደግሞ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ገብተው አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሪ ሆነው ተመደቡ። ስለዚህ አባት በእንግሊዙ፣ ልጅ በአሜሪካዊው ተማረ፤ የልጅ ልጅ ደግሞ በሳተላይት ዲሽ። ከዚህ በታች ከጣልያንና ከፈረንሳይ የወሰድነው ክምችት አለ። «መኪና» እና «ጎማ» ከጣልያን፣ «ቢሮ» እና «አሳንሰር» ከፈረንሳይ መጥተዋል። እኛም ስንወስድ እንዳለ አልወሰድንም። «ላፒስ» ለጣልያኑ እርሳስ ነው፤ እኛ ዘንድ ላጲስ የእርሳሱን ጽሑፍ የሚያጠፋው ሆነ። የካምፓላ ተማሪ ላጲስ ሲፈልግ እንደ እንግሊዞቹ «ረበር» ይላል፤ አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ የጠየቀ ተማሪ ኮንዶም የጠየቀ ይመስል ይሳቅበታል። «ትራፊክ» በእንግሊዝኛ የመኪኖቹ እንቅስቃሴ ነው፤ በአማርኛ ግን ነጭ ኮፍያ ያደረገው ፖሊስ ነው። «ትራፊክ ያዘኝ» የሚል ሐበሻ ስለ ቅጣት ሲያወራ ኡጋንዳዊው መንገድ ተዘግቶበት እንዳረፈደ ይረዳል። እሱ መጨናነቁን «ጃም» ነው የሚለው፤ የናይጄሪያ ሰው ደግሞ «ጎ ስሎው» ይለዋል።

የብሪታንያና የአሜሪካ ልዩነት በየመጽሐፉ ስለተነገረ እዚህ አናረዝመውም። ኖህ ዌብስተር በ1828 ባሳተመው ትልቅ መዝገበ ቃላት አሜሪካ የራሷን አጻጻፍ አጸናች፤ የዕቃው ስም ደግሞ ውቅያኖስ ከመሐል ስለገባ ብቻ በራሱ ጊዜ ተለያየ። ነዳጁ፣ የመኪናው ኋላ ሣጥን፣ የእግረኛው መንገድ፣ የእጅ ባትሪው በሁለቱም ዘንድ ሌላ ሌላ ስም አለው። ኡጋንዳ በእነዚህ ነገሮች ከብሪታንያ ጋር ናት። አንዱን ብቻ ላንሣ፦ «ፓንት» በአሜሪካ ሱሪ ነው፣ በብሪታንያ የውስጥ ልብስ። አማርኛ እዚህ ላይ ያለ ምንም ማመንታት ከብሪታንያ ጎን ቆሟል።

ከዕቃ ስም ይልቅ የሰላምታው ነገር ሀብታም ነው። ኦልድ ካምፓላ ውስጥ ባልዲ ተሸክማችሁ ስታልፉ፣ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ወይም ምንም ሳትሠሩ ቆማችሁ እንኳ አንድ የማታውቁት ሰው «ዌል ዳን» ይላችኋል። በመጽሐፉ እንግሊዝኛ ይህ ምስጋና ነው፤ ፈተና ያለፈ ተማሪ የሚባለው። «ምን ሠራሁና?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የኡጋንዳው ሰው ግን በሉጋንዳ እያሰበ ነው። ሉጋንዳ የዋለን፣ የሠራን፣ የደከመን ሰው «ጄባሌኮ» ብሎ ሰላም ይላል፤ ለድካምህ ምስጋና ይግባህ እንደማለት ነው። የእኛ ገበሬ አጨዳ ላይ ያለን ወዳጁን አልፎ ሲሄድ «ያበርታህ» ይላል፤ ያኛውም «አሜን፣ አብሮ ያበርታን» ይመልሳል። የካምፓላው «ዌል ዳን» ይኼ ነው። መልሱም ያንኑ ወይም «ታንክ ዩ» ነው እንጂ ማብራሪያ አይደለም።

«ሶሪ» ከዚህ ይብሳል። አንድ ሰው ድንጋይ አደናቅፎት ቢወድቅ፣ ሞባይሉ ቢሰበር፣ ቢያስነጥስ እንኳ አጠገቡ ያለው ሁሉ «ሶሪ! ሶሪ!» ይላል። ከለንደን የመጣ እንግዳ «አንተ ምን አደረግኸኝ? ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ቃሉን ይቅርታ ብቻ አድርጎ ስለተማረው ነው። ኢትዮጵያዊም እንግሊዝኛውን ብቻ ከያዘ እዚያው ወጥመድ ይገባል፤ አማርኛውን ካስታወሰ ግን ወዲያው ይገባዋል። እናቶቻችን ልጅ ሲደናቀፍ «እኔን!» ይላሉ። ማንም «ለምን አንቺን?» ብሎ አይጠይቅም።

ለጥቂት ሳምንት ያላገኛችሁት ጎረቤት «ዩ አር ሎስት!» ቢላችሁ መንገድ የጠፋባችሁ መስሎት አይደለም። ሉጋንዳ ለዘገየ ወዳጅ «ዋቡላ» ይላል፣ ጠፋህ ነው። አማርኛም «ጠፋህ እኮ!» ይላል። ሦስተኛ ቋንቋ ፍለጋ አያስፈልግም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች በእንግሊዝኛ ልብስ ተገናኝተዋል። እንደዚሁ «አይ አም ካሚንግ» ብሎ ጀርባውን አዙሮ የሚሄድ ሰው እንግሊዛዊውን ያስደነግጣል፤ «መጣሁ» ብሎ ከቤት የሚወጣን ሰው ለለመደ ሐበሻ ግን ምኑ ይደንቃል? ይኸው አነጋገር ጋናና ናይጄሪያ ውስጥም የተለመደ ነው። እንግዳ የሄደ እንደሆነ ደግሞ «ኤስኮርት ሚ» ወይም «ጊቭ ሚ አ ፑሽ» ይላል፤ «ሸኘኝ» ነው። ሁለተኛውን ሰምቶ ከኋላ የሚገፋ እንዳይኖር። የመጀመሪያውን ደግሞ ካምፓላ ውስጥ እንደልብ ይበሉት፤ አንዳንድ ከተሞች ላይ ግን በገንዘብ የሚቀጠር የምሽት ጓደኛ ተብሎ ስለሚተረጎም ጥንቃቄ አይከፋም።

ይህ ሁሉ ለምን ከአማርኛ ጋር ይገጥማል? ሉጋንዳ ከባንቱ ቋንቋዎች ወገን ነው፣ አማርኛ ሴማዊ ነው፤ ዝምድና የላቸውም። የሚገጥመው ቋንቋው ሳይሆን ኑሮው ነው። ጎረቤት የሚጠያየቅበት፣ አንዱ የሌላውን ድካም አይቶ በዝምታ የማያልፍበት፣ እንግዳ ደጃፍ ላይ የማይሰናበትበት አገር በየትኛውም ቋንቋ ቢናገር እነዚህን ቃላት ይፈልጋቸዋል። የለንደኑ እንግሊዝኛ «እኔን» የሚል ቃል አልነበረውም፤ ስለዚህ ኡጋንዳውያን «ሶሪ»ን ወስደው ሥራ ጨመሩለት።

ምግብ ቤት እንግባ። ስሙ «ሆቴል» ሊሆን ይችላል፤ አልጋ ግን የለውም። ያደገበት ከተማ «ሆቴል» ሁሉ ሻይና ፓስቲ ብቻ ይሸጥ የነበረ አንባቢ አይገረምም። አስተናጋጇ «ዊች ፉድ?» ትላለች። እንግዳው «ስጋ» ይላታል። «ኖ፣ ዊች ፉድ?» ደግማ ትጠይቃለች። ካምፓላ ውስጥ «ፉድ» ማለት የምግብ ዓይነት ሁሉ አይደለም፤ ማቶኬ፣ ፖሾ፣ ሩዝ፣ ካሳቫ፣ ስኳር ድንች፣ «አይሪሽ» ናቸው። ማቶኬ ተቀቅሎ የሚፈጨው አረንጓዴ ሙዝ ነው፣ ፖሾ የበቆሎ ገንፎ፣ «አይሪሽ» ደግሞ አየርላንዳዊ ሳይሆን ተራው ድንች ነው፤ ከስኳር ድንች ለመለየት ተብሎ ከረጅሙ ስሙ መጀመሪያው ብቻ ቀረ። ስጋው፣ ቦሎቄው፣ የኦቾሎኒው መረቅ «ሶስ» ይባላሉ። እንግሊዛዊ «ሶስ» ሲባል ጠርሙስ ውስጥ ያለ ቀይ ነገር ያስባል። ሐበሻ ግን ሒሳቡን ያውቀዋል፦ «ፉድ» እንጀራው ነው፣ «ሶስ» ወጡ ነው። ያለ እንጀራ ወጥ የሚያዝ ሰው እኛም አገር ግራ ያጋባል። ኦቾሎኒው «ጂ ናት» ነው፤ አሜሪካዊ ሌላ ስም ስላለው ይህን ቢሰማ አያውቀውም።

ሻይ ሲያዙ «አፍሪካን?» ይባላሉ። «አፍሪካን ቲ» ወተቱና ሻዩ አብሮ የተፈላ፣ ብዙ ጊዜ ዝንጅብል ያለበት ነው። ወተት የሌለው «ድራይ ቲ» ይባላል፤ ቃል በቃል «ደረቅ ሻይ»። ፈሳሽ እንዴት ይደርቃል ለሚል፣ እኛም ዳቦ ወይም ቁርስ የሌለውን ሻይ «ደረቅ ሻይ» እንደምንል ማስታወስ ነው። የእኛ የሚጎድለው ዳቦ ነው፣ የእነሱ ወተት። «አፍሪካን ኮፊ»ም አለ፤ ቡና ከወተት ጋር። የቡና አገር ነኝ ለሚል ሰው ይህ ስም ትንሽ ያስቆጣል፤ ይቀበለው።

ከመንገድ ዳር የሚበላው ደግሞ «ሮሌክስ» ነው። ሰዓት አይደለም። እንቁላል ከሽንኩርትና ቲማቲም ጋር ተጠብሶ በጨፓቲ ይጠቀለላል፤ «ሮልድ ኤግስ»፣ ማለትም «የተጠቀለለ እንቁላል» የሚለው እንግሊዝኛ በፍጥነት ሲባል የስዊዝ ሰዓት ስም ሆነ። መከሰቻው ብዙ ጊዜ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ካለችው ዋንዴጌያ ጋር ይያያዛል። ጨፓቲው ራሱ የመጣው ከሕንዶች ጋር ነው፤ ከ1896 እስከ 1901 ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋውን ባቡር የሠሩት ሠራተኞች በብዛት ከሕንድ የመጡ ነበሩ፤ ከእነሱ ጋርና ከእነሱ በኋላ ነጋዴዎቹ ተከትለው ኦልድ ካምፓላን ጨምሮ በየከተማው ሱቅ ከፈቱ። ኢዲ አሚን በ1972 የ90 ቀን ጊዜ ሰጥቶ አባረራቸው። ሰዎቹ ሄዱ፤ ጨፓቲው፣ ሳምቡሳውና «ዱካ» የሚለው የሱቅ ስም አልሄዱም።

የገዛችሁትን የሚያስገቡላችሁ ፌስታል ካምፓላ ውስጥ «ካቬራ» ነው። ይህች ቀጭን የላስቲክ ከረጢት ከምንም በላይ የአገር ልዩነት ታሳያለች። ናይጄሪያ «ናይለን» ትላታለች፣ ጋና «ረበር»፣ ደቡብ አፍሪካ «ፓኬት»፤ ኬንያ ውስጥ ብዙ ሰው «ፔፐር ባግ» ይላል፤ ወረቀት ሳይሆን ላስቲክ እያየ። ዕቃው አዲስ ነበር፤ እንግሊዝኛ ከፋብሪካው ጋር አንድ የታወቀ ስም አልላከም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ገበያ የመሰለውን ሰጠ። እኛም «ፌስታል» ብለን ጨመርን። የትራፊክ መብራቱን ደቡብ አፍሪካ «ሮቦት» ትለዋለች። «ሮቦቱ ጋ ወደ ግራ ታጠፍ» የተባለ የውጭ አገር ሹፌር ብረት ሰው ሲፈልግ የሚያመሽበት ቀልድ እዚያ የታወቀ ነው። ናይጄሪያዊው «ኔክስት ቱሞሮ» ሲል ከነገ ወዲያ ማለቱ ነው፤ እንግሊዝኛ ለዚህ ቀን አንድ አጭር ቃል ስለሌለው ናይጄሪያ ሠራችለት፤ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላትም በ2020 ተቀበለው።

ቤት ለመከራየት ሌላ የቃላት ስብስብ ያስፈልጋል። ደላላው «ብሮከር» ነው። «ሙዚጎ» ማለት ሽንት ቤቱ ከጎረቤት ጋር የጋራ የሆነ፣ በረድፍ የተሠራ አንድ ክፍል ነው። «ሰልፍ ኮንቴይንድ» ከተባለ መታጠቢያውና መጸዳጃው ውስጥ አለ። ጊቢ ውስጥ ጀርባ ያለችው «ቦይስ ኳርተር» የእኛዋ ሰርቪስ ቤት ናት። ሳሎን «ሲቲንግ ሩም» ነው፤ በየመንገዱ ላይ «ሳሉን» የሚል ሰሌዳ ታይቶ ሶፋ ያለበት ክፍል ነው ተብሎ እንዳይገባ፤ ፀጉር ቤት ነው። አሜሪካዊው ደግሞ ያንኑ ሰሌዳ ሲያይ ካውቦይ የሚጠጣበት መሸታ ቤት ይታየዋል፤ የብሪታንያ ሰው አራት በር ያለው የቤት መኪና።

አከራዩ «ከቼርማን ደብዳቤ አምጣ» ሊል ይችላል። የኩባንያ ቦርድ ሰብሳቢ የት ይገኛል? ሰውየው የሚፈለገው ጎረቤት ነው። ከ1986 ወዲህ ኡጋንዳ ውስጥ ከታች የሚጀምር የምክር ቤት አደረጃጀት አለ፤ በመጀመሪያ «ሬዚስታንስ ካውንስል» ይባል ነበር፣ በኋላ «ሎካል ካውንስል» ሆነ። የታችኛው እርከን «ኤልሲ ዋን» ነው፤ «ቼርማን» የሚባለውም የእሱ ሰብሳቢ ነው፤ አገልግሎቱ ከቀበሌ ጋር ይመሳሰላል። ነዋሪ መሆንን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይጽፋል፣ የጎረቤት ጠብ ይዳኛል። ይህ እርከን በሕጉ «ቪሌጅ» ስለሚባል ፎቅ በተደረደረበት መሐል ከተማ ውስጥም ሰው «ቪሌጅ» አለው። ሌላ ቪሌጅም አለ፦ ለገና «ወደ ቪሌጅ እሄዳለሁ» የሚል የካምፓላ ሰው አገር ቤት መሄዱ ነው፤ ሐኪም ይሁን ሚኒስትር።

ክሊኒክ ውስጥ የቃል ስሕተት ዋጋው ይጨምራል። ካምፓላ ውስጥ «ፊቨር አለብኝ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ወባ ማለቱ ነው፤ ሉጋንዳ ለትኩሳትና ለወባ አንድ ስም ስለሚጠቀም እንግሊዝኛውም ተከተለ። ባዕድ ሐኪም ትኩሳት ብቻ ብሎ ይመዘግባል። «ፕሬሸር» የደም ግፊት፣ «ሹገር» የስኳር በሽታ ነው፤ እዚህ ላይ አማርኛና የኡጋንዳ እንግሊዝኛ ተማክረው ያወጡት ይመስላል። «አልሰር» ደግሞ ሆድ ላይ የሚሰማ ማቃጠል ሁሉ ሊሆን ይችላል፣ እኛ «ጨጓራ» እንደምንለው። ከፋርማሲ ዝቅ ያለች፣ ፈቃዷ ለጥቂት መድኃኒት ብቻ የሆነች ሱቅ «ድራግ ሾፕ» ትባላለች፤ ስሙን ሰምቶ ፖሊስ የሚያስብ እንግዳ አይጠፋም። መጸዳጃ ቤት የሚፈልግ ሰው «ሾርት ኮል» ካለ ለሽንት ነው፣ «ሎንግ ኮል» ካለ ለሌላው። ስልክ ሊደውል መስሎት «ኤርታይም» ያቀበለ ሰው አለ ይባላል፤ ቀልድ ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ የሚከብደው የዘመድ ስም ነው። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው በኡጋንዳ የ2006 የስደተኞች ሕግ መሠረት ይጠየቃል፤ ቃሉ ይጻፋል፤ የተጻፈው ሌላ ጊዜ ከተናገረው ጋር ይመሳከራል። አንድ ሰው መጀመሪያ ላይ ሁለት ወንድም አለኝ ይላል። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ሦስተኛ «ብራዘር» ያወራል፤ የአጎቱ ልጅ ነው፣ አብረው አድገዋል። አማርኛ «ወንድሜ» ይለዋል። ቅጹ ላይ ግን የቤተሰብ ቁጥር ተጋጨ። ኡጋንዳዊ ጠያቂ ይህን ከማንም ቀድሞ ይረዳል፤ እሱም አገር «ብራዘር» እስከ አጎት ልጅ ይሰፋል፣ የአባት ወንድምም «ፋዘር» ሊባል ይችላል። ለመለየት ሲፈለግ «ካዝን ብራዘር» ይላሉ። ለንደን ይህን ስሕተት ይለዋል። እኔ ግን ከብሪታንያውም ከአሜሪካውም እንግሊዝኛ «ካዝን ብራዘር» የተሻለ ነው እላለሁ፤ ዝምድናውንም ጾታውንም በአንድ ጊዜ ይናገራል፣ ሰውየውንም ከወንድምነት አያወርደውም። አደጋው የሚመጣው ፋይሉ ከካምፓላ ወጥቶ ሦስተኛ አገር ያለ፣ «ብራዘር» ሲል ከአንድ እናትና አባት የተወለደን ብቻ የሚያስብ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ «የአባቴ ወንድም ልጅ» ብሎ ረዘም አድርጎ መናገር ይሻላል፤ ለአስተርጓሚም ቢሆን «ወንድሜ» ብሎ አለመተው።

ይህን ሁሉ «የተበላሸ እንግሊዝኛ» የሚሉ አሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚሉትም ኡጋንዳውያን ራሳቸው ናቸው። በርናርድ ሳቢቲ በ2014 የኡጋንዳን እንግሊዝኛ ቃላት ሰብስቦ «ዩግሊሽ» በሚል ስም መዝገበ ቃላት ሲያሳትም፣ የሳቀም የተቆጣም ነበር። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ2022 ከምሥራቅ አፍሪካ እንግሊዝኛ ወደ 200 የሚጠጉ መግቢያዎችን ሲያስገባና ሲያሻሽል ቁጣው ትንሽ በረድ ሳይል አልቀረም። ክርክሩ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ አለ፦ አስተማሪው «ኤክስቴንድ» የሚለውን በቀይ ያሰምርበትና ማታ ወደ ቤቱ ሲሳፈር ራሱ ይለዋል። የእሱን ማስመር አልነቅፍም። ፈተና የሚያርመው ሰው ታክሲው ውስጥ የለም።

ሐበሻው ስደተኛ ከዚህ በላይ ሥራ አለበት። ብዙዎች ካምፓላን የመጨረሻ አድርገው አይቆጥሩም፤ ከዓመታት በኋላ ካናዳ፣ አሜሪካ ወይም አውስትራሊያ የሚደርሳቸው አሉ። ወደ ካናዳ የሚሄዱትን ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ከመነሣታቸው በፊት ስለ አገሩ ኑሮ ያስተምራቸዋል። እዚያ ሲደርሱ ለምደው የተመቻቸውን የካምፓላ እንግሊዝኛ ከፊሉን መልሰው ሊያስቀምጡት ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ለወደቀ ሰው «ሶሪ» ቢሉ ችግር የለም፤ ካናዳውያን ራሳቸው ቃሉን በየደቂቃው በመጠቀም ይታማሉ። ታክሲ ጠርተው ግን 14 ሰው አብሮ እንዲሳፈር መጠበቅ የለባቸውም፤ ጎረቤትንም «ዩ አር ሎስት» ካሉት አድራሻውን እያሳየ ሊከራከራቸው ይችላል። ገበያ ገብተው ሁለት ኪሎ «አይሪሽ» ቢጠይቁ ደግሞ ሻጩ መጀመሪያ ቢራ፣ ቀጥሎ ቅቤ፣ በመጨረሻ ውስኪ ያሳያቸዋል።